አውድማና ሚዛን፦ ሁለቱ ሥርዓቶች በዱከም ሜዳ

የሥርዓቶች ስም በጉባኤ ይነገራል፤ በሰንደቅ ላይ ይጻፋል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ይተነተናል። እህሉ ግን የሚወቃው በአውድማ ላይ ነው። አንድ ሥርዓት ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ለማወቅ ዐዋጁን ማንበብ ይበቃል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ምርቱ በበሬ ተወቅቶ፣ በላይዳ ተዘርቶ፣ ፍሬው ከገለባው ከተለየ በኋላ፣ በክምሩ ዙሪያ ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚሰፍር፣ ዋጋውንስ ማን እንደሚቆርጥ መመልከት ያስፈልጋል።

ሶሻሊዝም ይሻላል ወይስ ካፒታሊዝም የሚለው ክርክር በአገራችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትውልድን ከትውልድ ሲያከራክር ኖሯል። በዚህ ክርክር የደም ዋጋ የከፈሉ ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ተከራካሪዎቹ ለምስክርነት ሲጠሩ የኖሩት አብዛኛውን ጊዜ ፔትሮግራድንና ማንቸስተርን፣ ፔኪንግንና ኒው ዮርክን ነው። የዱከም ገበሬ ምስክር ሆኖ እምብዛም አልተጠራም። ነገር ግን በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ፣ በዚያው ማሳ ላይ፣ ሁለቱንም ሥርዓቶች ከነድህረ ታሪካቸው ያየ ሰው ቢፈለግ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። በሰሜን የረር ተራራ፣ በደቡብ ዝቋላ ይታዩዋታል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ጥቁር መረሬ አፈር የአዳ ጤፍ የሚባለውን፣ በመዲናይቱ ገበያ ስሙ የታወቀውን እህል ያበቅላል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በዚሁ ሜዳ ላይ አልፎ ነው። እንግዲህ ዱከም ከዋና ከተማው ቅርብ፣ ከወደቡ መንገድ ዳር፣ ከለም መሬት ላይ የተቀመጠች ሥፍራ ናት። ቤተ መንግሥቱ ያሰበው፣ ገበያው የፈለገው፣ ዐዋጁ የደነገገው ሁሉ ከሌላው ገጠር ቀድሞ የሚደርሰው እዚህ ነው።

ከዐዋጁ በፊት

ከ1966ቱ አብዮት በፊት የነበረው ሥርዓት ካፒታሊዝም ነበር ማለት ስሕተት ነው። በዚህ ሜዳ የሰፈነው የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነት ነበር። መሬቱ በአብዛኛው የመኳንንቱ፣ የሹማምንቱና የከተማ ነዋሪው ባለርስት ነበረ። አራሹ እንደ ውሉ ዓይነት ከምርቱ ሩቡን፣ ሲሶውን፣ ባስ ሲልም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያገባ ነበር። በዚያ ላይ አስራት ነበረበት፤ በዚያ ላይ የጉልበት አገልግሎትና መታያ ነበረበት። እህሉ ተዘርቶ ሲያበቃ የባለመሬቱ ወኪል በአውድማው ላይ ይገኛል፤ ክምሩ የሚከፈለው እርሱ ባለበት ነው። አራሹ መሬቱን ለማጣት የባለመሬቱ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያንን ቃል የሚገድብ የጽሑፍ ውል አልነበረውም።

ሆኖም ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በዚህ አሮጌ ግንኙነት ላይ አዲስ ኃይል መጣ። እርሱም ገበያ ነው። የከተማው ሕዝብ በበዛ ቁጥር የእህል ዋጋ ጨመረ፤ ማዳበሪያ፣ የተመረጠ ዘርና ትራክተር ገቡ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የዚህ ሂደት ታላቅ ማሳያ ነው። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ ማሳደግ ነበር። ምርት በእርግጥ አደገ። ነገር ግን መሬቱ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ጭሰኛውን እያስነሡ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ለአራሹ የታሰበው ልማት አራሹን ከማሳው አፈናቀለው።

ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ገበያ ምርትን ያሳድጋል፤ ይህን የካደ ታሪክን ይክዳል። ነገር ግን ገበያ የሚያገኘውን የኃይል ሚዛን እንዳለ ተቀብሎ ነው የሚሠራው። መብት የሌለውን ሰው ባለመብት አያደርገውም። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ደጋግሞ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። በሕግ መምሪያውም በሕግ መወሰኛውም የተቀመጡት በአብዛኛው ባለርስቶች ነበሩና በራሳቸው ላይ ሊፈርዱ አልወደዱም።

በ1965 እና በ1966 ወሎ ተራበች። ሕንዳዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ያሳየው ነገር ይሰቀጥጣል። ሰዎቹ የሞቱት በአገር እህል ጠፍቶ አልነበረም፤ የሚገዙበት አቅም አጥተው ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል ነበር። ገዥ የሌለው ረሃብ ለገበያ አይሰማውም፤ ገበያ የሚሰማው ብር የያዘን ረሃብ ብቻ ነውና። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበት ምክንያት በዚህ ረሃብ በግልጽ ታየ፤ መንግሥቱም ሁለተኛ ዓመት ሳይደግም ወደቀ።

የካቲት 25 ቀን 1967

ደርግ በታኅሣሥ 1967 ኅብረተሰብአዊነትን ዐወጀ። በዚያው ወር ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ በጥር ወር 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው ዐዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። ይህ ዐዋጅ በአፍሪቃ ታሪክ እጅግ ሥር ነቀል ከሚባሉት የመሬት ሕጎች አንዱ ነው። መሬት የግል ንብረት መሆኑ ቀረ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። የጭሰኝነት ግንኙነት ያለ ካሣ ተሠረዘ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስ፣ ለአቅመ ደካሞች ካልሆነ በቀር፣ ተከለከለ። ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲመሠረት፣ ማኅበሩም መሬት እንዲያከፋፍልና ክርክር እንዲዳኝ ተደነገገ። በአዲስ አበባ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለድጋፍ ወጣ።

ይህን ቀን ከኋላ በመጣው መከራ ብቻ መዝኖ ማቃለል ፍርደ ገምድልነት ነው። የአዳ ገበሬ በ1968 መኸር አውድማውን ለቅልቆ፣ በሬዎቹን አዙሮ፣ እህሉን ሲዘራ፣ የባለመሬቱ ወኪል የለም። ሩብ የለም፣ ሲሶ የለም፣ እኩል የለም። የመላው ቤተሰቡን ጥሪት ሲበላ የኖረ ዕዳ በአንድ ዐዋጅ ወደቀ። ከጭሰኝነት የወጣው ሰው የማኅበር ሊቀመንበር ተባለ፤ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈለት። ካፒታሊዝም በመቶ ዓመት አዝጋሚ ሂደት፣ ብዙውን ጊዜም አራሹን በማፈናቀል የሚያደርገውን፣ ሶሻሊዝም በአንድ ቀን ለአራሹ ጥቅም አደረገው። የሥርዓቱ ታላቅ በጎነት እዚህ ላይ ነው። ሥር የሰደደን ግፍ ለመንቀል ድፍረት ነበረው።

ሁለተኛው በጎነት ፊደል ነው። በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተማረ፤ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። በየረር ሥር፣ በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መማሪያ በማሾ ብርሃን የከፈተ ጎልማሳ፣ ከዚያ በኋላ የውል ወረቀት ላይ በአውራ ጣቱ ብቻ አይፈርምም። ይህ ዓይነቱ ትርፍ በገበያ አይሸጥም፤ ስለዚህም ገበያ ብቻውን አያመርተውም።

ሚዛኑ ሲመጣ

የባለመሬቱ ወኪል ከአውድማው ከሄደ በኋላ ግን ሥፍራው ባዶ ሆኖ ብዙ አልቆየም። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ሚዛኑን ይዞ መጣ። ከተሞችን፣ ሠራዊቱንና የመንግሥት ተቋማትን ለመቀለብ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ኮታ ተጣለበት። የአንዱ ኩንታል ዋጋ የሚቆረጠው ገበሬው በማይገኝበት መሥሪያ ቤት ነበር። ዋጋው ለዓመታት ሳይነቃነቅ ኖረ፤ ብዙውን ጊዜም በነጻው ገበያ ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነበር። እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ በነጻነት እንዳይዘዋወር ኬላዎች ተተከሉ። ነጋዴውም ከጫነው ከፊሉን ለኮርፖሬሽኑ በተወሰነው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ።

የአዳ ገበሬ ነገሩን ለመረዳት የኤኮኖሚ ትምህርት አላስፈለገውም። ማኛ ጤፉን አስረክቦ የሚያገኘውን ገንዘብና፣ ከእርሱ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ያው ጤፍ የሚሸጥበትን ዋጋ ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀድሞ ሲሶ ይባል ከነበረው በምን ይለያል? የቀድሞው ተቀባይ ስም ነበረው፤ ደጁ ይታወቅ ነበር፤ የአሁኑ ግን «ሰፊው ሕዝብ» ይባላል። ገበሬውም ከሰፊው ሕዝብ አንዱ መሆኑ በየስብሰባው እየተነገረው፣ የራሱን ምርት ዋጋ እንዲናገር ግን አልተጠየቀም።

በሰኔ 1971 የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጣ። ማኅበራቱ መልባ፣ ወልባና ወላንድ በተባሉ ሦስት ደረጃዎች ወደ ሙሉ የጋራ ምርት እንዲሸጋገሩ ታሰበ። መንግሥት ለአባሎች በማዳበሪያ፣ በግብርና በመሬት ምርጫ ቅድሚያ ሰጠ። ያም ሆኖ የተሰበሰበው መሬት ከአገሪቱ እርሻ ጥቂቱ ብቻ ነበር። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ውትድርና፣ ከ1978 ወዲህ ደግሞ በሸዋ በስፋት የተካሄደው መንደር ምሥረታ ተከተሉ። ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ፣ ከማሳው ርቆ፣ በመስመር በተተከለ ቤት እንዲሰፍር ሆነ። የመንደሩ ሐሳብ ትምህርት ቤትን፣ ክሊኒክንና ውሃን ማቅረብ ነበረ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ የተነቀፈው ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ያልመከረበት መሆኑ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሁለተኛው ታላቅ ረሃብ ሰሜኑን ሲያወድም፣ መንግሥት በመስከረም ወር የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የፓርቲውን ምሥረታ በድምቀት ያከብር ነበር። የዓለም ሕዝብ ወሬውን በስፋት የሰማው ከበዓሉ በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ በውጭ አገር ቴሌቪዥን ነው። እንግዲህ ሁለቱ ረሃቦች ጎን ለጎን ቢቆሙ ምን ይላሉ? የ1965ቱ ረሃብ ሰዎች እህል የሚገዙበት ስላጡ መሞታቸውን ይናገራል። የ1977ቱ ደግሞ ከድርቁና ከጦርነቱ ጋር፣ ስለ ረሃቡ ጮኾ የሚናገር ነጻ አንደበት መጥፋቱን ይጨምራል። በዚያው ዘመን በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። የደራሲው አፍ ሲዘጋና የገበሬው ዋጋ ያለ ምክሩ ሲቆረጥ በሽታው አንድ ነው። ሥርዓቱ መልስ እንጂ ጥያቄ አይወድም ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ ታወጀ። ኮታው ቀረ፤ የግል ባለሀብት ተፈቀደ፤ ገበሬው ከአምራቾች ማኅበር የመውጣት መብት ተሰጠው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ በሬው፣ ሞፈሩና መሬቱ ተከፋፈለ። ምርጫ ሲሰጠው ገበሬው የሰጠው ፈጣን መልስ በሥርዓቱ ላይ ከተጻፈ ትችት ሁሉ ይከብዳል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ያው ገበሬ ኅብረት ሥራውን ሲያፈርስ፣ የካቲት 25ን ግን አላፈረሰም። ባለመሬቱ ይመለስ ያለ አልነበረም።

ከጤፍ ማሳ ወደ ፋብሪካ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት የገበያ ኤኮኖሚን መመሪያው አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ የ1967ቱን መሠረት ጠበቀ። አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለውም ጻፈ። ስለዚህ በዱከም ሜዳ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድነት ሰፈሩ። የእህሉ ዋጋ በገበያ፣ መሬቱ በመንግሥት እጅ ሆነ።

መንገዱና ባቡሩ ዱከምን ለፋብሪካ ምቹ አደረጓት። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቻይና ባለሀብቶች የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንን በጤፍ ማሳው ላይ መገንባት ያዙ። በነሐሴ 2003 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ወደ ቻይና ተጉዘው የጫማ አምራቾችን ጋበዙ። ሁዋጂያን የተባለው ኩባንያ ወራት ሳይፈጅ፣ በጥር 2004፣ በዞኑ ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ ጫማዎቹም ወደ አሜሪካ ገበያ ተጫኑ። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በመስመር ቆመው ቆዳ ቆረጡ፣ ሰፉ፣ ለጠፉ። ስድስት መቶ ዓመት ቢታረስ ማሳው ያልሰጠውን ወርኃዊ ደመወዝ ፋብሪካው ሰጠ። የካፒታል ፍጥነት፣ አዲስ ሙያን የማስተማር ችሎታው፣ የተበታተነን ጉልበት የማሰባሰብ ኃይሉ እዚህ በዓይን ታየ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የስሞች መገለባበጥ ነው። ባለሀብቶቹ የመጡት በኮሙኒስት ፓርቲ ከምትመራ፣ ራሷን ሶሻሊስት ከምትል አገር ነው። ፋብሪካቸውን የተከሉት መሬት የማይሸጥባት፣ መንግሥት ብቸኛ ባለመሬት በሆነባት አገር ነው። የሚያመርቱት በዓለም ቀዳሚ ለሆነችው የካፒታሊዝም አገር ሸማች ነው። በ1967 ዓ.ም. ሰው ቀጥሮ ማሳረስ በዐዋጅ በተከለከለበት ሜዳ፣ የዚያው ገበሬ የልጅ ልጅ የቅጥር ሠራተኛ ሆነች። በዚህ ሥፍራ ቆሞ «ይህ ሶሻሊዝም ነው» ወይም «ይህ ካፒታሊዝም ነው» የሚል ሰው ማሳውን ሳይሆን መዝገበ ቃላቱን ነው የሚያነበው።

የገበሬው ጥያቄ ግን እንደ ድሮው አንድ ነው፤ ማን ይቆርጣል? በዐዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም የሚለቅ ገበሬ፣ ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ካሣ ይከፈለው ነበር። ሂሳቡ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ዐሥር ዓመት ግን ያልቃል፤ ማሳ ግን ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ገበሬው መሬቱን እንዳይሸጥ በሶሻሊዝሙ ሕግ ተከለከለ፤ መሬቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን በከተማ ሊዝ በካፒታሊዝሙ ዋጋ ይተላለፋል። ከሁለቱም ሥርዓት ለእርሱ የደረሰው ክልከላው ሲሆን፣ ጥቅሙ ለሌላው ደረሰ። ለፋብሪካው ሠራተኛም ቢሆን የግል ድርጅት ሊከፍል የሚገባውን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን አገር አቀፍ ወለል አልተደነገገላትም ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ሲጽፍ ብዙ ሺህ ጫማዎች አስቀድመው ባሕር ተሻግረዋል።

ይህ ቅሬታ በዱከም ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ዱከምን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞችን ከመዲናይቱ ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006፣ ከዚያም በኅዳር 2008 ሰፊ ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ሕይወትም ጠፋ። በጥር 2008 ዕቅዱ ተሠረዘ፤ ቁጣው ግን አልተሠረዘም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዱከም ቅርብ በሆነችው ቢሾፍቱ፣ በሆራ ሐይቅ ዳር በኢሬቻ በዓል ላይ በተፈጠረው ግርግር፣ መንግሥት ባመነው ቁጥር እንኳ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መስከረም 25፣ ከሰበታ ተነሥቶ በዚያው ሜዳ የሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ጅቡቲ ተመረቀ። አንዱ ሳምንት የልማቱን ምርቃትና የሐዘኑን ድንኳን በአንድነት ያዘ።

የካፒታል ሌላው ድካም ከሩቅ መታዘዙ ነው። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አወጣች። በዋሺንግተን የተፈረመ ወረቀት በዱከምና በሐዋሳ የቆመችውን ሠራተኛ እንጀራ ነካ። ቀድሞ ዋጋው በኮርፖሬሽኑ መሥሪያ ቤት ሲቆረጥ ገበሬው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ገበያው በባዕድ ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ ሠራተኛዋ አልነበረችም።

የሁለቱ ሂሳብ

በኢትዮጵያ የኤኮኖሚ ሐሳብ ታሪክ ፈር ቀዳጅ የሆነው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በ1911 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በ1916 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፉ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ ትርፉ ወደየት እንደሚያዘነብል አሳይቶ ነበር። ይህ ሐሳብ ከሁለቱም ሥርዓት ስሞች ቀድሞ በአገራችን ተጽፏል። ነገሩን ወደ አውድማ ብናወርደው፣ ዕውቀትና ድምፅ የሌለው ወገን በየትኛውም ሚዛን ላይ ይቀልላል።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህን ያጠናክራል። የሶቭየት መንግሥት በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን የገበሬውን እህል በግዳጅ ሲሰበስብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1921 ግዳጁን በታወቀ ግብር ተካ፤ ገበሬውም የተረፈውን እንዲሸጥ ፈቀደ። በቻይናዋ አንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ በሺያዎጋንግ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ዐሥራ ስምንት ገበሬዎች የጋራ መሬቱን በየቤተሰቡ ለማረስ በምሥጢር ተፈራረሙ። ድርጊታቸው የኋላው ለውጥ ምልክት ሆነ። የካፒታሊዝም አገር አሜሪካ በበኩሏ፣ የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬዎቿ ሲከስሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 መንግሥት በዋጋ ጣልቃ የሚገባበትን ሕግ አወጣች። ሶሻሊስቱ ገበያን፣ ካፒታሊስቱ ዕቅድን ተበደረ። ይህን ብድር ያስገደደው አስተምህሮ አልነበረም፤ ገበሬው ነው።

በአዳ ሜዳ ላይ ሦስት መንግሥታትን ተሻግሮ ፍሬ የሰጠ አንድ ሥራ አለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያም በኋላ ጤፍን ሲመረምር ኖሯል። በ1987 ዓ.ም. «ዱከም» የተባለ የጤፍ ዝርያ አወጣ። በሸማቹ የሚወደደው ነጩ ማኛ ምርቱ አነስተኛ ነበር፤ ዱከም ደግሞ ምርቱ ብዙ ቢሆንም እንደ ማኛ አይነጣም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው በ1998 ዓ.ም. «ቁንጮ»ን አስገኙ፤ በጥቂት ዓመታትም በአገሪቱ ተስፋፋ። ምርምሩን የከፈለው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ዘሩን ያስፋፋው የገበሬው ፍላጎትና የገበያው ዋጋ ነው። ይህን ሥራ ካፒታሊስት ወይም ሶሻሊስት ብሎ ለመሰየም የደከመ የለም። የተሳካውም ከሁለቱ ወላጆች የእያንዳንዱን ድካም ዐውቀው፣ ብርታቱን መርጠው ስላዳቀሉ፣ ከሁሉ በላይም ገበሬው የሚዘራውንና የማይዘራውን እንዲመርጥ ስለተዉት ነው።

ሂሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ይነበባል። ሶሻሊዝም ጭሰኝነትን ነቀለ፣ ፊደል አስቆጠረ፣ የተናቀውን ሰው በሸንጎ አስቀመጠ። ዋጋን በትእዛዝ ቆረጠ፣ ኅብረትን በግዳጅ ለወጠ፣ ትችትን በሞት ቀጣ። ካፒታሊዝም ምርትን አነቃቃ፣ ፋብሪካ ተከለ፣ ለሠራተኛ ሙያና ደመወዝ ሰጠ። አቅመ ቢስን ከማሳው አፈናቀለ፣ ገንዘብ የሌለውን ረሃብ አልሰማ አለ፣ እንጀራን በሩቅ አገር ውሳኔ ላይ አንጠለጠለ። በጎነታቸው የተለያየ ነው፤ ጥፋታቸው ግን አንድ ሥር አለው። ሁለቱም ባጠፉ ጊዜ ሁሉ በአውድማው ላይ የደከመው ሰው በሚዛኑ አጠገብ ቃል አልነበረውም።

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ከዚያም ባንኩን ለውጭ ባለሀብት የሚከፍት ሕግ ወጥቷል። የአገሪቱ ጉዞ ወደ ገበያው እየገፋ ሲሄድ የዱከም ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። መምህሩ በክፍሉ ሁለቱን ሥርዓቶች ሲያነጻጽር ከትርጓሜያቸው ይልቅ ከአንድ ማሳ ታሪክ ቢጀምር ተማሪው ይገባዋል። የፖለቲካ ሠራተኛው ዕቅዱን ይዞ ገበሬ ፊት ሲቆም፣ ከእርሱ በፊት በዚያ አውድማ ላይ ወኪሉም ሚዛን ያዡም ቆመው እንደነበር ቢያስታውስ ንግግሩ ያጥራል፤ ማዳመጡ ይረዝማል። ከያኒውም ትራክተሩን በማወደስ ወይም ፎቁን በማድነቅ ብቻ ሥራው አያልቅም። ከየረር ሥር ያለው ገበሬ ሦስት መንግሥት ሲያልፍ እህሉን ዘርቷል፤ የራሱን ቃል ግን እስካሁን በመድረክ ላይ በሙሉ ድምፁ አልሰማም። ቀጣዩ አውድማ ሲለቀለቅ፣ ከሚዛኑ በፊት መቅረብ ያለበት ይህ ቃል ነው።